ጢጥ የሚል በር

ኢንጂነሩ ፀጉር ቤት ሲገባ፣ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ የተንጋለለውን ሰው በጫማው ለየው። ፊቱ በሙቅ ፎጣ ተሸፍኗል። ያንን የሚያብረቀርቅ ጫማ ግን በስንት ስብሰባ አይቶታል፤ የሚሠራበት ሆስፒታል አስተዳዳሪ ነው። ደስ አለው። ሽማግሌው ፀጉር አስተካካይ ጨርቁን አንገቱ ላይ ሲያስሩለት ወሬውን ጀመረ።

«ደኅና ሰነበቱ ጋሼ? ይኼ ዝናብ እንዴት አደረጋችሁ? ጎን ጎኑን ብቻ ያሳጥሩልኝ፣ ከላይ ምን ቀረና።

እኛ ሆስፒታል መጥተው ያውቃሉ? ሳይታመሙም ቢሆን መጥተው በራችንን ይዩት። አሸባሪ እንዳይገባ ተብሎ፣ የአሳንሰሩ ማስጠገኛ ገንዘብ ተዛውሮ የተገዛ የፍተሻ በር ነው። ያስገዛውን ሰው አውቀዋለሁ። አርቆ አሳቢ ነው... እኛ ስለ በሽታ ስንጨነቅ፣ እሱ ስለ አሸባሪ ይጨነቅልናል።

መጀመሪያ ለሁሉም ሰው ጢጥ ይል ነበር፤ ለአሮጊቷ፣ ለአራስ ልጅ ሳይቀር። ሰው ሲማረር ድምፁን አጠፉት። ግን ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት በር ዝም ሲል ያሳፍር የለ? አሁን ዘበኛው ራሱ በአፉ «ጢጥ» ይላል። አለቃ ሲያልፍማ ቀጠን አድርጎ ነው የሚላት።»

ከፎጣው ሥር አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ኢንጂነሩ በመስታወቱ ፈገግ አለ።

«እኔ ነኝ ሞኙ። ኤሌክትሪክ ተምሬያለሁ ብዬ፣ በቦርሳዬ ቢላዋ ይዤ ማንም ሳያስቆመኝ አለፍኩበትና «ይኼ በር አይሠራም» ብዬ በስብሰባ ተናገርኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። እሱ ግን ደክሞታል ብሎ አዘነልኝ፤ ምድር ቤት፣ የተሰባበረ አልጋ መጋዘን ውስጥ አሳረፈኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እያረፍኩ ነው... እንዲህ ለሰው የሚያስብ የት ይገኛል?

የራሱን ቤት የሚጠብቀው ግን ውሻ ነው አሉ። ትሑት እኮ ነው። ውዱን ለእኛ፣ ርካሹን ለራሱ።

አሳንሰሩማ እንደቆመ ነው። ቢቆም ምን አለበት? እናቴን ለኩላሊት እጥበት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ከወንድሜ ጋር በወንበር ተሸክመን እናወጣታለን፤ ትከሻችን ጠነከረልን። ባለፈው ግን ደረጃው መሃል ላይ «በቃ አውርዱኝ ልጆቼ፣ ከእንግዲህ አልመጣም» አለች...

ነገ አሳንሰሩ ይጠገን ወይስ ለጓሮው ሁለተኛ በር ይገዛ ብለው ሊወስኑ ነው። የጓሮው መግቢያ እስከ ዛሬ ክፍቱን ነው የከረመው፤ አሸባሪው ግን ጨዋ ሆኖ በፊት ለፊት ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ነበር። አርቆ አሳቢው ሰውዬ የትኛውን እንደሚመርጥ ይጠየቃል እንዴ?»

ሽማግሌው ፎጣውን አነሡት። የአስተዳዳሪው ፊት ቀልቷል። ኢንጂነሩ ወደዚያ አልዞረም፤ ድምፁን ብቻ አለሰለሰ።

«የሆነው ሆኖ እግዜር ይስጠው፣ ክፉ አይንካው። ወላጅ እናቱን ያቆይለት። ሲደክማቸውም ሌላ ቦታ አይሂዱ፣ እዚያው እኛ ጋ ይምጡ። ዘበኛው ቀጠን አድርጎ ጢጥ ይበልላቸው። እሱም እንደ እኔ እናቱን በትከሻው ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት ያብቃው... አሜን ይበሉ እንጂ ጋሼ።»