የወሰንየለሽ ተራ

ጥሩሸዋ ከመሐል ሜዳ ከተማ መውጫ ላይ ሐናን ባታገኛት ኖሮ፣ የተሸከመችውን ጠላ ወስዳ ለሰካራም ጓደኛዋ ታስረክብ ነበር። ከቤት ቤት ለምና የሞላችው ጀሪካን ጀርባዋን አጉብጦታል፤ ንዴቷም ፊቷን አጥቁሮታል።

«እትዬ ጥሩሸዋ፣ ድግስ አለ እንዴ?» አለች ሐና። የወንድሟ ልጅ ናት፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ትሠራለች።

«የምን ድግስ! ነገ የወሰንየለሽ የማኅበር ተራ ነው። በስሟ ጠምቄ ትናንት ጋኑን ቤቷ ባስገባላት፣ ግማሹን ጠጥታ ግማሹን ደፍታ ጠበቀችኝ! ይህን ይዤ ካልደረስኩ ጉዷ ሊወጣ ነው።»

«የአምናውንስ ማን ጠመቀላት?»

«እኔ።»

«ለቅሶ ስትቀር አሟታል የሚለውስ?»

«እኔ ነኝ አልኩሽ! ባሏ ከሞተ ወዲህ ማን አላት?»

«እንግዲያማ የሚያጠጧት እርስዎ ነዎት።»

ጥሩሸዋ ጀሪካኑን መሬት ላይ ዱብ አደረገችው። «አንቺ ባለጌ! ልጄን ሳሌምን ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት። ፊቴን ባዞርባት፣ ብርድ ላይ ወድቃ ብትሞትብኝስ? ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ሬሳዋ ነው የሚታየኝ!»

ፍርሃቷ እውነት ነበር። ሆኖም የፈራ ሰው የሚሠራው ሁሉ ርዳታ ይመስለዋል።

«ፊትዎን ያዙሩባት ማን አለ?» አለች ሐና። «ምግብ ይውሰዱላት፤ ልታከም ካለች እጇን ይዘው ይምጡ። ልሙት ካለችም ብቻዋን ሳይተዉ ወዲያው ይደውሉልኝ። ጠላ አይጥመቁላት፣ አይዋሹላት ነው የምለው።»

«ማኅበርተኛው ቢያባርራትስ?»

«መታመሟን ደብቀውት ማኅበርተኛው በምን ይርዳት? ሁሉንም ከልክለው ብቻዎን ተሸከሟት እኮ!»

ጥሩሸዋ ጀሪካኑን ወደ ሐና ገፋችው። «ይህን ጠላ ለየባለቤቱ መልሺልኝ» አለች በመጨረሻ፣ ቁጣዋ ሳይበርድ።

ወሰንየለሽ በሯ ላይ ትጠብቃት ነበር። «ጠላው የታል?»

«የለም። ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ጠላም ውሸትም አታገኚም። ነገ ራስሽ ትናገሪያለሽ፤ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

«ልታዋርጂኝ ነው? ሂጂልኝ!»

«እሄዳለሁ። ራት ይዤ እመለሳለሁ፤ ብትሰድቢኝም እመለሳለሁ።»

በማግስቱ ማኅበርተኛው ወሰንየለሽ ቤት ተሰብስቦ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላ ግን አልቀረበም። ጥሩሸዋ እንዳለችው አጠገቧ ተቀምጣ ሳለ ወሰንየለሽ ተነሣች። «ጠላውን ጠጥቼ ጨረስኩት። የአምናውንም የጠመቀችልኝ ጥሩሸዋ ናት። መጠጡ አሸንፎኛል።»

ጥሩሸዋ ስድቡን እየጠበቀች ዓይኗን ጨፈነች።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ወዳጆ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንበላ ለምን አልነገራችሁንም? እኛ ምናችሁ ነን?» ብለው ተቆጡ። «በይ ውኃ ቅጂልን።»

«ሰኞ ጤና ጣቢያ እኔ እወስዳታለሁ» አለች ምሥራቅ የምትባል ማኅበርተኛ። ሌላዋ ደግሞ የማክሰኞውን ራት ያዘች። የአንዲት ሴት ጀርባ ያጎበጠ ሸክም ለማኅበሩ ሁሉ ሲከፋፈል እንዲህ ቀላል ነበር፤ ያለ እውነት ግን ማን ያከፋፍለው?

ወሰንየለሽ ማሰሮውን ይዛ እየቀዳች ጥሩሸዋ ዘንድ ደረሰች። «አንቺን ግን ገና ይቅር አላልኩሽም።»

«ግዴለም» አለች ጥሩሸዋ ጣሳዋን ዘርግታ፤ «ቅጂ።»