መስቀሉ ድረ ገጽ ላይ የወጣ ጊዜ

አሁንም ሳስበው ያርበደብደኛል። ላሊበላ አስጎብኚ ሳለሁ ለእንግዶች ድረ ገጽ ሠራሁ። ማንም ሳይቸገር የሚፈልገውን እንዲያገኝበት ብዙ ደከምኩ። ብልባላ አካባቢ የሚያገለግሉት የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኝ የደብራቸውን ጥንታዊ መስቀል ፎቶ አወጣሁ። ፎቶውን ሲጫኑት መስቀሉ የሚቀመጥበት ሣጥን ሳይቀር ጎልቶ ይታያል።

አንድ ቀን የነፍስ አባቴ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ያንተን ፎቶ በወረቀት ይዘው መጡ። ‹ይህን ሣጥን ማታ ማታ ማን ይጠብቀዋል?› ብለው ጠየቁኝ።»

ኢንተርኔት ቤት ሮጬ ገባሁ። ገጹ አልከፈት ብሎ ሲንቀራፈፍ፣ ሰዎቹ መስቀሉን ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ይታየኛል። እንደምንም ፎቶውን አጠፋሁትና ደወልኩላቸው።

«አባቴ፣ አጥፍቼዋለሁ። ከእንግዲህ ማንም አያየውም።»

«ካዩት ሰዎች ልብ ግን ማን ያጠፋዋል፣ ልጄ?» አሉኝ።

በዚያው ዕለት ካህናቱ መስቀሉን ወደ ሌላ ቦታ አሸሹት። በማግስቱ ሄጄ የነፍስ አባቴን ጉልበት ስስም፣ «አንተማ ልጃችን ነህ፤ የት እንዳኖርነው ላሳይህ» አሉኝ።

«ስለ እመቤታችን፣ አያሳዩኝ!» አልኳቸው።