በኤኤምዲ64 ፋይል ሰበብ መናኸሪያ አጠገብ ስለተፈጸመ ድብደባ

የምስክር ስም፦ ሰሚራ ከማል ሙኒር
ዕድሜ፦ 26
ሥራ፦ የሂሳብ ባለሙያ፣ በአሁኑ ጊዜ ሥራ ፈላጊ
አድራሻ፦ ሆሳዕና ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ
ቀን፦ ህዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ተጠርጣሪው ፈትሁዲን ከማል ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሆሳዕና ወደ ሀደሮ የሚሄድ ሚኒባስ ይነዳል። ወንድሜ ነው ብዬ የምደብቅለት ነገር የለም።

ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ድርጅት ለሂሳብ ሥራ በርቀት ሊፈትነኝ ቀጠሮ ነበረኝ። ፈታኙ ከቢሮው ሆኖ ላፕቶፔን የሚያይበትንና የሚያንቀሳቅስበትን ሶፍትዌር አስቀድሜ እንድጭን ታዝዤ ነበር። የኢንተርኔት ጥቅል ስላልነበረኝ ፈትሁዲን በስልኩ አውርዶ ወደ ላፕቶፑ እንዲያስተላልፍልኝ ጠየቅኩት። ገጹ ላይ ሁለት ፋይሎች ነበሩ፤ አንዱ ኤኤምዲ64፣ ሌላው አርም64 ይላል። ላፕቶፔ ላይ የተለጠፈው ደግሞ ኢንቴል ነው። ኤኤምዲ64 የሚለው ስሙ የሌላ ኩባንያ ቢሆንም ለኢንቴልም እንደሚሠራ፣ አርም64 ግን የሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር እንደሆነ ነገርኩት። "ኢንቴል ላይ ኤኤምዲ? በናፍጣ የሚሄድ መኪና ላይ ቤንዚን ትቀጃለሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። መሪ ከጨበጠ ወዲህ እሱ የማያውቀው ነገር የለም። አርም64ን አወረደ፤ የስልኩ ጥቅልም አለቀ። ስንከፍተው በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም የሚል ጽሑፍ መጣ።

ጥፋቱን በመቀበል ፈንታ፣ ላፕቶፑን የሸጠልኝ ሙክታር አታሎናል ብሎ ከእጄ ነጥቆኝ ወጣ። እየሮጥኩ ተከተልኩት። 7 ሰዓት ተኩል ገደማ መናኸሪያው አጠገብ ካለው የሙክታር ኮምፒውተር ጥገና ቤት ደረስን። ሙክታር ፋይሉን አይቶ፣ "ላፕቶፑ ደህና ነው፤ የወረደው የሌላ ፕሮሰሰር ነው። ኤኤምዲ64ን አሁኑኑ በእኔ ዋይፋይ አወርድልሻለሁ" አለ። እኔም ወደ ፈትሁዲን ዞሬ፣ "አላልኩህም?" አልኩት። በረንዳው ላይ የነበሩት ተራ አስከባሪዎች በየቀኑ የሚያገኙትን ሾፌር እያዩ ሳቁ። ያን ጊዜ ፈትሁዲን ሙክታርን በቡጢ አፉ ላይ መታው፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደማ። ላፕቶፔንም አንስቶ ሲሚንቶው ላይ ፈጠፈጠው።

እናታችን ወ/ሮ ሀሚዳ እዚህ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ መጥታ፣ "የአንድ እናት ልጆች አይካሰሱም፤ በሽማግሌ ይለቅ" ብላኛለች። ሙክታር ዕርቅ ከፈለገ መብቱ ነው። እኔ ግን በጣም ተናድጃለሁ፤ ቃሌንም አላነሳም። ይህን ስናገር ስምንት ሰዓት አልፏል። ፈታኙ ሁለት ጊዜ ደውሎ አላነሳሁም፤ ምን ብዬ አነሳለሁ? ተጠርጣሪው አሁንም ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ላፕቶፑ ድሮም አይሠራም ነበር እያለ ነው።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። በዓይኔ ካየሁትና በጆሮዬ ከሰማሁት የጨመርኩት የለም፤ ያስገደደኝም የለም፤ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ____________
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ሊሻን ጠና ____________