ከበለስ የቀዱት የሆሞሻ እናቶች

ዝናብ የማያስገባው ቤት የለም። መምህር እዩኤል ከዩኒቨርሲቲው ሲወጡ ዶፍ ቢይዛቸው ከበሩ ፊት ለፊት ካለችው የአባባ ደባልቄ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ዘው አሉ። አባባ ደባልቄ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ፣ እርሻውን ለልጆቻቸው ለቀው ኮምፒውተር የለመዱ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ያን ቀን ግን ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። አጠገባቸው የመምህሩ ተማሪ ሂባ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። ስለ ትውልድ ቦታዋ ስለ ሆሞሻ ውሃ የጻፈችው የመመረቂያ ጽሑፍ ተመልሶባታል፤ በሳምንት ውስጥ ካላስተካከለች ዘንድሮ አትመረቅም።

«ይግቡ እንግዲህ መምህር! ሌባ አዳኙን ማሽንዎን የት ጥለውት መጡ?»

«ማሽኑ እኮ ሌባ አይልም፣ አባባ። የትኛው ጽሑፍ ከየትኛው እንደሚመሳሰል ቀለም ቀብቶ ያሳያል እንጂ።»

«ቀባላታ! ከመቶ ስድሳ ሰባት እጁን ቀባላት! ይቺ ልጅ የሰው ዶሮ እንኳ እሽ ብላ አታውቅም። እኛ እዚህ ስንሰፍር በደቦ ነው ያረስነው። ጎረቤቱን የጠራ ሌባ ተብሏል? ሌላ ሰው ስለ መተከሏ ማንቡክ የጻፈውን ጥናት ከመደርደሪያ ያወረድኩላት እኔ! ማንቡክ የሚለውን ሁሉ በኮምፒውተሩ ባንዴ ሆሞሻ ያደረግኩት እኔ!» አሉ። ሲናገሩት ትንሽ ኩራትም ነበረበት። ሰው በፍቅር ሲሳሳት እንዲህ ነው፤ ጥፋቱን እንደ ውለታ ይቆጥረዋል።

መምህሩ ፈገግ አሉ። «ደቦውን አልነቅፍም። ግን ደቦ የጠራ ሰው የረዱትን ደብቆ ‹ብቻዬን አጨድኩ› ቢልስ?»

«እሱማ የመንደር መሣቂያ ይሆናል።»

«ምንጭ ጥቀሱ የምንለው ይህንኑ ነው። እስቲ ገጽ አሥራ አራትን ያንብቡልኝ።»

አባባ ደባልቄ መነጽራቸውን አደረጉ። «‹የሆሞሻ እናቶች ጎህ ሲቀድ ከበለስ ወንዝ ውሃ ይቀዳሉ...›» ብለው ቀጥ አሉ። በለስ ያለው ከአባይ ማዶ፣ መተከል ነው። «ኧረ ጉድ! አባይን ተሻግረው?»

ሂባ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ አመለጣት።

«እናትሽ ከየት ነው የምትቀዳው፣ ሂባ?» አሏት መምህሩ።

«ከጉድጓድ ነው። ፓምፕ ተበላሽቷል፣ ሁለት ዓመት ሆነ።»

«ይህን ለምን አልጻፍሽም?»

«አማርኛ ለኔ ከባድ ነው፣ መምህር። የተጻፈ ቃል ይበልጣል ብዬ ነው፣ ወላሂ።»

ሽማግሌው ግን እንደገና ለክርክር ተነሡ፤ በቀላሉ የሚረቱ አይደሉም። «ማሽኑስ አይሳሳትም?»

«ይሳሳታል እንጂ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ሳይቀር ቀብቶባታል። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የማነበው። ማሽኑ ይጠቁማል፤ የሚፈርደው ሰው ነው። ከእንግዲህ ተማሪዎቹ ሳያስረክቡ በፊት ራሳቸው አይተው እንዲያርሙ እናደርጋለን።»

«እና ይሄ ወረቀት እንዲሁ ቢያልፍ ኖሮ» አሉ አባባ ደባልቄ ቀስ ብለው፣ «አንብቦ ፓምፑን ሊጠግን የሚያስብ ሰው የሆሞሻ እናቶች ወንዝ አላቸው ብሎ ይተዋቸው ነበር። እኔ ነኛ ያስጠማኋቸው!» ወደ ሂባ ዞሩ። «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። እንደ አፍሽ ተናገሪ፤ እኔ እጽፋለሁ፣ መምህር ያርሙታል።»

ሂባ ወደ ሆሞሻ ወርዳ እናቶቹን ጠይቃ ተመለሰች። ስትናገር አባባ ደባልቄ በየመሐሉ «ማን ነገረሽ?» እያሉ ስም ያስገባሉ። የማንቡኩም ጥናት አልተጣለም፤ ከነባለቤቱ ስም ተጠቀሰ። የቀደመው ሰው እንዲህ ሲከበር ተከታዩም በራሱ ቃል መቆም ይማራል፤ አንባቢውም እውነቱን ያገኛል።

በቀጠሮው ቀን መምህሩ ውጤቱን ይዘው መጡ። የተቀባው ከመቶ ዘጠኝ እጅ ብቻ፣ ያም ባለቤቱ የተጠቀሰ ነው። ሂባ ትመረቃለች። አባባ ደባልቄ ግን ገጹን እየገለበጡ አንድ ቦታ ፈለጉ፦ «አራስ ያለችበት ቤት ጀሪካን፣ እሷ ባትመጣም፣ ሁልጊዜ ከሰልፉ ፊት ይቀመጣል» የሚለውን።

«እዚህ ላይ ቀለም የለም።»

«የለም፣ አባባ። ማሽኑ ያለውን ሁሉ አገላብጦ አጣው።»

ሽማግሌው ሂባን አዩዋት። «ያን ሁሉ ወረቀት ደርድሬ» አሉ፣ «ይቺን ሳልይዝ ኖሬያለሁ!»