ጀውሃራ ሰክራ አልነበረችም

የቃል ሰጪ ስም፦ ዓብዱልሀሚድ ኑሩ
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ የታክሲ ሹፌር
አድራሻ፦ ሬኒየር ቫሊ፣ ሲያትል
ቀን፦ ኖቬምበር 14፣ 2014
ቃሉ የተሰጠው፦ በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ ናኦድ ዘመድኩን አማካይነት

ጠጥታ የሰው መኪና ውስጥ ገብታለች የተባለችው ጀውሃራ ባለቤቴ ናት። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግሮሰሪ ውስጥ ሂሳብ ስከፍል ቀድማኝ ወጣች። ስደርስ የማናውቀው ሰው መኪና ውስጥ ቀበቶ አስራ ተቀምጣለች። የእኛ መኪና ነጭ ነው፣ ያኛው ጥቁር ነው። ባለመኪናው ውጪ ቢላት፣ «ዓብዱ፣ ቶሎ ንዳ እንጂ፤ ሰውዬው እዚህ ፓርክ ሊያደርግ ነው መሰለኝ» አለችኝ። እሱም ፖሊስ ጠራ።

የመጣው የፖሊስ መኮንን ሲያስወርዳት መቆም አቃታት፣ ምላሷ ተሳሰረ፣ ጫማው አጠገብ አስመለሳት። ጠጥታለች ብሎ መዘገበ። በዚህ ጊዜ ድምፄን ከፍ ማድረጌን አልክድም፤ ጀውሃራ በዕድሜዋ መጠጥ አሽትታ አታውቅም። ያም ሆኖ አምቡላንስ የጠራልን እሱው ስለሆነ አመሰግነዋለሁ።

ሆስፒታል ደሟ ተመረመረ። ሐኪሟ የምትለውን በስልክ የሚያስተረጉምልን ሰው ነበር፤ መስመሩ ይቆራረጣል። «ባለቤትዎ ጨዋነት አንሷቸዋል» ያለ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። ሐኪም ስለ ሚስቴ ጨዋነት ምን አገባት? አስተርጓሚው ደንግጦ፣ «ኧረ አባቴ፣ ጨው ነው ያልኩት! ደማቸው ውስጥ ጨው አንሷል» አለኝ።

ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ ጀውሃራ በቅርቡ የጀመረችው የደም ግፊት ክኒን ጨውን በሽንት ያስወጣል። ራሷን እያመማት ስለሰነበተች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃ ትጠጣ ነበር። «ጠጪ፣ ጠጪ» እያልኩ የምቀዳላት እኔ ነኝ። ለካ የቀረውን ጨው እያቀጠንኩት ኖሯል። ክኒኑ ቆመ፣ ውሃውም ተመጠነላት። ጨዉን ባንዴ ስጧት ብዬ ብለምንም ሐኪሟ፣ በፍጥነት ከጨመረ አንጎሏን ይጎዳል ብላ እምቢ አለች። እየፈራሁ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ትናንት ጠዋት ነርሷ ሾርባ አመጣችላት። ጀውሃራ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ዓብዱ፣ ይሄን ማን ነው የሠራው? ጨው የለውም» አለች። አልሐምዱሊላህ፣ ሚስቴ ተመለሰች ብዬ አለቀስኩ። ሌላ ዓይነት የግፊት ክኒን ታዞላታል፤ ደሟ እየታየ ነገ ወደ ቤት ትገባለች። ባለመኪናውንም ይቅርታ በልልኝ ብላለች።

ይህ ቃል በቋንቋዬ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያየሁትና የሰማሁት ነው፣ ያልሆነ ነገር አልጨመርኩም። ጠጥታለች የሚለው ከመዝገቡ እንዲሰረዝልኝ እጠይቃለሁ። መሰረዝ የማይቻል ከሆነ ግን «ውሃ» የሚል ይጨመርበት።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ዓብዱልሀሚድ ኑሩ
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ ናኦድ ዘመድኩን
ቃሉን የተቀበለው መኮንን ፊርማ፦ ____________