እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን የሚቀመጠው ኩባያ

እኅታችንን ለመሸኘት የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የእሑድ ማዕድ ተካፋዮች፣ ይህን የሕይወት ታሪክ እኔ ታናሽ ወንድማቸው እንዳነብ ያዘዙኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ምን ምኑን ልጻፍ ብዬ ብጠይቃቸው “ሁሉንም” ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ስላዞሩ፣ ሁሉንም ጽፌ መጥቻለሁና ታገሡኝ።

ብዙዎቻችሁ እትዬ ናሙና እያላችሁ የምትጠሯቸው እኅታችን፣ ከአናጢ አባታቸውና የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ከነበሩት እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩና እኔ ስወለድ የስምንት ዓመት ልጅ ሆነው ስለጠበቁኝ፣ እናታችን ከሥራ እስኪመለሱ እኔን ማዘል፣ ማጉረስና መቆጣት የሳቸው ድርሻ ሆነ። ማዘሉንና ማጉረሱን እኔ ሳድግ ቢተዉትም፣ ቁጣውን ግን እስካለፈው እሑድ ድረስ አላቋረጡም።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ሆነው ተቀጥረው፣ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ጀርባ “ተረኛ!” ሲሉ ሠላሳ ዓመት አገልግለዋል። የመናኸሪያውን የግድግዳ ሰዓት ሊጠግኑ ከመጡት ከዛሬው ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚያችው መስኮት ሲሆን፣ ሰዓቱ አንዴ ከተጠገነ በኋላ ጠጋኙ ለሦስት ወር በየሳምንቱ “እስቲ ልየው” እያሉ ሲመላለሱ፣ የጤነኛው ሰዓት ሕመም ምን እንደሆነ ለመናኸሪያው ሁሉ ገባው። ተጋብተውም ዛሬ ነርስ የሆነችውን ሴት ልጃቸውንና የአውቶቡስ ሾፌር የሆነውን ወንድ ልጃቸውን ወልደው በፍቅር አሳድገዋል።

ጡረታ በወጡ ዓመት ብቻቸውን የሚኖሩ ስምንት ጎረቤቶችን በሕንፃችን የታችኛው ወለል አዳራሽ ሰብስበው የእሑድ ምሳ አበሉ፤ በሚቀጥለው እሑድም ደገሙት፤ ሰዉም የቻለውን ከቤቱ እያበሰለ ይዞ መምጣት ጀመረና ስምንቱ ሃያ፣ ሃያው ስልሳ ሆነ። ስልሳ ስንሆን ግን ከጤና ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ከሠላሳ ሰው በላይ የሚበላበት የጋራ ማዕድ ደንብ አለው ተባለ፤ በእንጨት ማንኪያ ማማሰል ክልክል፣ ማብሰያ ክፍል ውስጥ ማፏጨት ክልክል፣ ደግሞም ከእያንዳንዱ ምግብ አንድ ኩባያ ናሙና ተቀንሶ፣ ያበሰለው ሰው ማንነትና ሰዓቱ ተጽፎበት፣ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን መቀመጥ ነበረበት። የበላ ሰው ቢታመም ናሙናው ይመረመራል፤ ማንም ካልታመመ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይቀምሰው ይደፋል።

እኅቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው “ፍሪጁም ተጋባዥ ሆነ እንግዲህ” አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ደንቡን ከጻፉት ሰዎች በላይ አጠበቁት። የእናታችንን የእንጨት ማንኪያ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ጡረታ አወጧት፤ ማፏጨት የሚወዱትን ባለቤታቸውንም ዜማ በመጣባቸው ቁጥር ወደ ደረጃው ያስወጧቸው ነበር። ሁሉም ይዞት ከመጣው ድስት ፊት ኩባያ ይዘው ሲቆሙ አይቼ እትዬ ናሙና የሚለውን ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ እናንተ ግን ወዲያው ተቀባበላችሁት።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ሙቀቱ በበረታበት ወር፣ ሠላሳ አንድ ሰው ማዕዳችንን በልቶ መታመሙን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከታመሙት መካከል ከፊቴ የተቀመጡም አሉ። ያን ቀን እንቁላልና ማዮኔዝ የገባበት የድንች ሰላጣ ሠርቼ መኪና ውስጥ ካስቀመጥሁ በኋላ፣ ፀጉር ቤት ወሬ ይዞኝ ሁለት ሰዓት ቆይቼ ነው የመጣሁት። እኅቴ ኩባያቸውን ይዘው ሲመጡም “የወንድምሽ ሰላጣ ደግሞ ናሙና ምን ያደርግለታል?” ብዬ ቀለድሁና ሳህኑን ከሌሎቹ ሳህኖች መካከል ሸጉጬ ሄድሁ። እሳቸውም አልተቆጡኝም፤ አለመቆጣታቸው ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር።

ሰኞ ሰዉ ሁሉ አልጋ ላይ ሲውል፣ ሁሉም የበላው የእኅቴን የምስር ሾርባ ነውና ጣት ወደ ሾርባው ተቀሰረ፤ አዳራሹ ታሸገ፤ ደረጃ ላይ ሲያገኟቸው ሰላምታ የነፈጓቸው ጎረቤቶችም ነበሩ። የጤና ቢሮው ተቆጣጣሪ ከመምጣቱ በፊት እኅቴ አስጠርተውኝ ፍሪጁን ከፈቱት። ከሾርባው፣ ከሩዙና ከጎመኑ ኩባያ ኋላ “የድንች ሰላጣ፣ አብሳይ ወንድሜ” የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ኩባያ ነበር፤ ለካ ጀርባዬን ስሰጥ ከሰላጣዬ ቀንሰው ኖሯል። ዓይኔን በጨው አጥቤ “በናትሽ እትዬ፣ ድፊው” ብዬ ለመንኋቸው። እሳቸውም “አንተን አዝያለሁ፤ ኩባያ ግን አልደብቅልህም። ስልሳ ሰው እሑድ የት ይብላ?” ብለው ፍሪጁን ዘጉት።

ምርመራው የሳቸውን ሾርባ ነፃ አወጣ፤ የእኔን ሰላጣ ያዘ፤ እሽጉም ተነሣ። ለእናንተ “ከአንድ ቤት የመጣ ሰላጣ ነው” ብቻ ተባለ፤ እኅቴም የማን ቤት እንደሆነ ከተቆጣጣሪው በቀር ለማንም ሳይናገሩ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ያ ቤት የእኔ ቤት ነበር፤ የታመማችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ። እኔ ከኀፍረት የተነሣ ዳግመኛ ላልመጣ ቆርጬ ሳለ፣ በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ስፖንጅ ይዘው በሬን አንኳኩና “ከዛሬ ጀምሮ ኩባያ አጣቢ ነህ” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየረቡዑ እኩለ ቀን ናሙናውን የምደፋውና ኩባያውን የማጥበው እኔ ነኝ፤ አጠብሁ ብዬ ባሳየኋቸው ቁጥርም ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሳያዩት አምነውኝ አያውቁም። ደስ የሚሉ ዓመታት ነበሩ።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ልባቸውን እያመማቸው በሕክምና ሲረዱ ቢቆዩም፣ ካለፈው እሑድ ማዕድ አልቀሩም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው የምስር ሾርባቸውን አማስለው፣ ናሙናውን ቀንሰው፣ ወረቀቱን በእጃቸው ጻፉ። ሰኞ ጠዋት ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ሲገቡ እንደተኙ ዐርፈው አገኟቸው።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውንና ስልሳ የማዕድ ተካፋዮችን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር በሰላም ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን።

የቀረ አንድ ነገር አለ። ሾርባቸው አሁንም ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ትናንት ጠዋት ማንኪያ ይዤ ክዳኑን ከፍቼው ነበር። አንዲት ማንኪያ ብቀምስ ማን ያየኛል ብዬ ቆሜ ሳለ ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፋቸው “እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን፣ ማንም አይቀምስም” ሲለኝ፣ ማንም ማለት ወንድምንም እንደሚጨምር የማውቅ ሰው ነኝና መልሼ ከደንሁት። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እኩለ ቀንም ደርሷል። ከዚህ ስንመለስ ሄጄ እደፋዋለሁ፤ ኩባያውንም አጥቤ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየዋለሁ፤ እሑድ ይፈለጋልና።