ከአሮጌው ኮምፒውተር የወጣ ፎቶ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከጎኔ የተቀመጡ እናት ከፊታቸው ያለውን ፎቶ አንሺ ያዋሩታል።

«የልጄ ፎቶ እንዴት ሆነ?»

«እማማ፣ ፊልሙን የሚያነበው ስካነር አሮጌ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር አላውቀውም አለ።»

«ወይኔ! የነበረችኝን አንድ ፎቶ የልጄ ለቅሶ ላይ እየተቀባበልን በእንባ ጨርሰናት፣ የቀረኝ ያ ፊልም ብቻ ነው።»

«ይስሙኝ እንጂ! የድሮውን ኮምፒውተሬን ከጓዳ አወጣሁት። ዶሮ እንቁላል ጥላበት ነበር።»

«ዶሮ?»

«አዎ። ጠራርጌ ከስካነሩ ጋር ባገናኘው ወዲያው ተግባቡ። ይኸው ፎቶዎ።»

«እሰይ! እጅህ ይባረክ የኔ ጌታ! ዶሮዋንም ይባርካት!»

ወደ ፎቶው ጠጋ ስል፣ እናትየው «አየሽው ልጄ? ሳቁ እንኳን አልጠፋም» አሉኝ።